ሳብ ሦስት፣ ንፋ አራት

ካሰች ኩማ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት «ምን ላምጣልህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጤነኛ ሰው በዚያ ሰዓት የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «ምንም አልፈልግም፣ አንቺ ብቻ ተመለሽልኝ» ነው። እኔ ግን «አርሞኒካ» አልኩ።

እሱንም ዝም ብዬ ተናግሬ ብተወው ደግ ነበር። ባለ አሥር ቀዳዳ፣ ባለ አንድ ረድፍ፣ ጎኑ ላይ ኤ የሚል የፈረንጅ ፊደል ያለበት ብዬ እንደ መለዋወጫ ዕቃ ዘርዝሬ አዘዝኳት። ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ጻፈችው። ጽፋ ስትጨርስ ቀና ብላ ትንሽ አየችኝና «ሌላስ?» አለች። «ሌላ ምንም» አልኩ። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔም የተበላሸ ሞተር ይጠብቀኛል ብዬ ተሰናብቻት ሄድኩ። የሚጠብቀኝ ሞተር አልነበረም።

ደረሰ እባላለሁ። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ውስጥ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነኝ። ካሰች ደግሞ ነርስ ናት። የተዋወቅነው የሞተር ማስነሻ ገመድ ጣቴን ዘንጥሎኝ ሆስፒታል የሄድኩ ጊዜ ነው። አምስት ቦታ ስትሰፋኝ አንዴም «አይዞህ» አላለችኝም፤ «አትንቀሳቀስ፣ ክር እያስባከንከኝ ነው» ነበር ያለችኝ። በሳምንቱ ክሩን ላስወጣ ስሄድ ጺሜን ተላጭቼ፣ ሸሚዝ ተውሼ ነበር።

አባቷ አቶ ኩማ አናጢ ናቸው፤ ታቦር ተራራ ግርጌ ይኖራሉ። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሑድ እሑድ ሳሎናቸው ውስጥ መስኮት ዘግተው በሹክሹክታ የሚዘምሩ ሰው ናቸው። ለመዝሙራቸው ሲሉ ሁለት ጊዜ ታስረዋል። እንዲህ ያለ ሰው ዘፈንን በደጁም አያሳልፍም። እኔ ደግሞ አንደኛ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፣ ሁለተኛ እጄ ሁልጊዜ ነዳጅ ይሸታል፣ ሦስተኛ ብሉዝ የሚባል በሽታ ይዞኝ ነበር። በየትኛው ፊቴ ሽማግሌ ልላክ?

በሽታውን ያስያዙኝ ጋሼ ወልደጻድቅ ናቸው። እዚሁ ከተማችን፣ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት አላቸው። በወጣትነታቸው አሥመራ፣ የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ውስጥ ልብስ አጣቢ ሆነው ሲሠሩ አንድ ጥቁር ወታደር ብሉዝ የሚባለውን የአገሩን እንጉርጉሮ በአርሞኒካ አስተማራቸው፤ ወደ አገሩ ሲመለስም አርሞኒካውን ትቶላቸው ሄደ። ለቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ልነሳ የገባሁ ቀን ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብለው ሲጫወቱ ሰማኋቸው። ዘፈኑ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ግን የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ቀርቷል፣ ሌላው ሰው ደግሞ እሱን እየጠበቀ ነው፣ ይኼ ገባኝ። መታወቂያዬ ላይ ያለው ፎቶ የዚያን ቀን የተነሳሁት ነው፤ ያየኝ ሁሉ «ምን ሆነህ ነው?» ይለኛል።

በማግስቱ ሱቅ ገብቼ መደርደሪያው ላይ ካሉት አርሞኒካዎች ትልቁን ገዛሁ። ባለ ሁለት ረድፍ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሣጥኑ ላይ አበባ የተሳለበት ነው። እየተኩራራሁ ለጋሼ ወልደጻድቅ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁብኝ።

«ደረሰ፣ ይኼ እኮ ለመዋዕለ ሕፃናት ነው።»

«ምን ጎደለው?» አልኩ ተናድጄ።

«የጎደለውስ የለም፣ የተረፈው ነው እንጂ። እያንዳንዱ ድምፅ ሁለት የብረት ምላስ አለው። ብሉዝ ማለት ድምፅ ማጉበጥ ነው። አንዱን ምላስ ስታጎብጠው ሌላው ቀጥ ብሎ ይቆምብሃል።»

የራሳቸውን ከኪሳቸው አወጡ። መዳፍ ውስጥ ይጠፋል። ሽፋኑ ዝጓል፣ ፊደሉ ተፍቋል። «የብሉዝ ሰው አይነፋም፣ ይስባል» አሉኝ። «መንፋቱንማ ማንም ይነፋዋል። አየሩን ወደ ራስህ ስትስበው ነው የሚታዘዝልህ።» ከዚያ ሁለተኛውን ቀዳዳ ሳቡት። ድምፁ ከቦታው ዝቅ አለ፣ እዚያው ቆየ፣ ተመልሶ ሊወጣ ሞክሮ ተወው። ከብረት እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የፊደሉን ነገር ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ፊደሉ የዜማው መነሻ ነው፤ አርሞኒካው አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ ስትገዛ የምትመርጠው ፊደሉን ነው። ጋሼ ወልደጻድቅ ጊታርም አላቸው፤ የሚመቱት በኢ ነው። «በኢ ለሚመታ ጊታር ኢ የተጻፈበት አርሞኒካ የሚገዛ ሰው አለ» አሉኝ፤ «ያ ሰውዬ ለብሉዝ አልሆነም። ከኢ ተነሥተህ አራት ቁጠር፤ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ። ኤ ግዛ። ያኔ ስትስብ ከጊታሩ ጋር ትገጥማለህ።» ምክንያቱን ስጠይቃቸው ወታደሩም እንዳልነገራቸው ነገሩኝ።

ኖታ ማንበብ ሁለታችንም አንችልም። ስለዚህ የራሳቸው አጻጻፍ አላቸው። ሲሳብ «ሳ»፣ ሲነፋ «ን»፣ ከአጠገቡ የቀዳዳው ቁጥር። ሳ2፣ ሳ3፣ ን4 እያሉ በተበላሸ የፎቶ ወረቀት ጀርባ ላይ ይጽፉልኛል። አርሞኒካቸውንም ያውሱኛል፤ ችግሩ የሦስተኛው ቀዳዳ የመሳቢያ ምላስ ተሰብሯል። ለብሉዝ ሳብ ሦስት ከሌለ ምኑን ብሉዝ ሆነ? ግን የተሻለ አልነበረም።

ከሥራ ስትወጣ ካሰች ወደ አሞራ ገደል ትመጣለች። በአሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ዓሣው ተሽጦ፣ መረቡ ተሰጥቶ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የተጣለውን አንጀት ሲሻሙ ተገልብጦ የተቀመጠ ጀልባ ላይ ቁጭ ትላለች። ወረቀቱን እሷ ትይዛለች፣ እኔ እጫወታለሁ። «ሳብ ሁለት፣ ሳብ ሁለት፣ ንፋ ሦስት፣ ሳብ አራት» እያለች ትጠራልኛለች። «ሳብ ሦስት» ስትል ድምፅ የለም፤ ሁለታችንም አንድ ጊዜ ዝም እንላለን፣ ከዚያ ትስቃለች። አንድ ቀን «አንቺም ሞክሪው» ብዬ ዘረጋሁላት። እጇን ወደ ኋላ ሰብስባ «አባቴ ይገድለኛል። እስካሁን ከንፈሬ አልነካውም፤ ካልነካው ደግሞ ኃጢአት አይደለም» አለችኝ። ቁጥሮቹን ግን ከእኔ በላይ ታውቃቸው ነበር።

በ1978 መስከረም ለቀዶ ሕክምና ነርስነት ሥልጠና ተመርጣ ሄደች። ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ምንም አይደለም ብዬ ሰው ፊት ስቄያለሁ። በሳምንቱ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ያቺን የተገለበጠች ጀልባ ላለማየት ወርክሾፑን በር ዘግቼ መሥራት ጀመርኩ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ካሰች ተመልሳ እንድትመጣ፣ ስትመጣም ወደ እኔ እንድትመጣ። ይህን ለራሴ በግልጽ እናገራለሁ። ለእሷ መናገሩ ነው ያቃተኝ።

ምክንያትም ነበረኝ። ደብዳቤ የሚመጣልኝ በማኅበሩ ፖስታ ሣጥን ነው። ሊቀመንበራችን የመጣውን ሁሉ ይከፍታል፤ ክፋት ኖሮት ሳይሆን ሊቀመንበር ስለሆነ ነው። ከዚያ ግቢው ውስጥ መረብ የሚጠግኑት ሁሉ «ካሰች ምን አለች?» ይላሉ፤ አንብብልን ማለታቸው ነው። እምቢ ካልክ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። የእኔም ደብዳቤ እንዲሁ ነው፤ ሊቀመንበሩ ማኅተም ሊመታበት ሲቀበለኝ ዓይኑን ጣል ያደርግበታል። በዚህ መሐል ሰው እንዴት አድርጎ «ናፍቀሽኛል» ይጽፋል? ስለ አርሞኒካ መጻፍ ግን ማንንም አያሳፍርም።

ጻፍኩ። ካሰች በመጀመሪያው ደብዳቤዋ ሱቅ እንደሄደች፣ ሻጩ «ዘፈኑ በየትኛው ፊደል ነው?» ብሎ ሲጠይቃት በኢ መሆኑን እንደነገረችው፣ እሱም ኢ ሊሰጣት እንደነበር ጻፈችልኝ። አራት ገጽ መለስኩላት። ኢ አይደለም፣ ኤ ነው፤ ሰውዬው ቀጥ ያለ ዘፈን ስለሚያስብ ነው፤ ብሉዝ ከሆነ በይው፤ ምላሶቹን ሳ2፣ ሳ3፣ ን4 እያልሽ አንድ በአንድ በቀስታ ሞክሪ፤ ውስጡ እንጨት ከሆነ በምራቅ ያብጣልና ፕላስቲኩን ምረጪ። በሚቀጥለው ኤ እንዳለቀ፣ ሲ ግን እንዳለ ጻፈች። ሲ ለጀማሪ ደህና ነው፣ የሚሄደው ግን ከጂ ጋር ስለሆነ ከጋሼ ጊታር ጋር አይሆንም፣ ኤ እስኪመጣ ጠብቂ ብዬ መለስኩ። እንዲህ እያልን ዓመት ከመንፈቅ ሄድን።

በነዚያ ደብዳቤዎች መሐል ካሰች ሌላም ነገር ትጽፍ ነበር። «ከክፍሌ መስኮት ማታ ማታ ሐይቅ የሚመስል ነገር ይታየኛል፤ ጠዋት ሳየው የመኪና ማቆሚያ ነው» ብላለች። እኔ ስለ ብሎኖቹ ጻፍኩላት። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ጎበዝ ተማሪዎች ሦስት ዓመት ጨምረው እንዲማሩ ይፈልጋሉ፤ እኔንም ጠይቀውኛል። አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ። ይህን ለመረብ ጠጋኞቹ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሁሉም ዞረው አዩኝ። «መማር ጥሩ ነው» ብዬ መለስኩላት። ምን ልበል? አንዲት የአናጢ ልጅ ውጭ አገር ተምራ ሰው ልትሆን ሲሉ «ተዪው፣ ነዳጅ የሚሸት ሰው ይጠብቅሻል» ይባላል? ወንድ ልጅ የሰው ዕድል አይዘጋም ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን የፈራሁት «አልመጣም» ብላ ብትመልስልኝ ነው።

ከጥር 1979 በኋላ ደብዳቤዋ ቀረ። የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። በመጀመሪያ ፖስታ ቤቱን ሰደብኩ። ቀጥሎ እሷን ሰደብኩ። ግንቦት ላይ ጀርመን የሆነ ሐኪም አገባት ብዬ ለራሴ ወሰንኩና እኔም ኮራሁ፤ መጻፍ ተውኩ። የጋሼን አርሞኒካ መለስኩላቸው። መረብ ጠጋኞቹም «ካሰች ምን አለች?» ማለቱን ተዉ፤ እሱ ደግሞ ከሁሉ በላይ አመመኝ።

ሰኔ ላይ አንድ ሰው በብስክሌት መጥቶ ወረቀት ሰጠኝ። ሐሙስ በሦስት ሰዓት እንድቀርብ ይላል። የቢሮውን ስም አልጠራም፤ ያን ጊዜም ሰው በስሙ አይጠራውም ነበር። ለጋሼ ወልደጻድቅ ወረቀቱን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አወለቁ፤ አልሳቁም። «ወፍራም ሹራብ ልበስ» ብቻ አሉኝ። ታስሮ የሚያድር ሰው የሚለብሰውን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኝ ለበስኩ።

የተቀበለኝ ጓድ ግዛቸው የሚባል ቀጭን፣ ግራጫ ሳፋሪ የለበሰ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወፍራም ፋይል አለ። በሩ ክፍት ነው፤ ከውጭ በኩል ወይዘሮ ተዋበች የምትባል ሴት ታይፕ ትመታለች።

«ካሰች ኩማ ምንህ ናት?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ እናቴም፣ ሊቀመንበራችንም፣ ጋሼ ወልደጻድቅም ጠይቀውኝ ያውቃሉ። «እንተዋወቃለን» አልኩ።

«ትተዋወቃላችሁ» እያለ ጻፈ። ፋይሉን ከፈተ። የእኔ ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ተገልብጠው፣ ተሰምሮባቸው፣ ኅዳጉ ላይ በቀይ ተጽፎባቸው። «ሳ ሁለት፣ ሳ ሦስት፣ ን አራት። ይኼ የየትኛው ክፍለ ጦር ነው?»

«የአርሞኒካ ነው።»

«አርሞኒካ የሚባል ክፍለ ጦር የለም።»

«ጓድ፣ መጫወቻ ነው። ሳ ማለት ሳብ፣ ን ማለት ንፋ ነው።»

«ሳብ ሲባል ወደኋላ ማፈግፈግ፣ ንፋ ሲባል ማጥቃት፤ እሱን እኛም ደርሰንበታል» አለና ሌላ ገጽ ገለጠ። «ኢ አይደለም ኤ ነው፣ ኤ ከሌለ ሲ ይደርሳል፣ ግን ኤን ጠብቂ። ሲ አለ። ኤ አለ። አይ የት ሄደ?»

«አይ የሚባል አርሞኒካ የለም።»

«እኮ! ሆን ብላችሁ ነው ያስቀራችሁት።»

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ሹራቡ ውስጥ ላብ እያጠመቀኝ ነው። ጓድ ግዛቸው ከፋይሉ መጨረሻ አንድ ያላየሁትን ወረቀት አወጣ። የካሰችን ጽሕፈት ከሩቅ አወቅሁት። የተጻፈው በየካቲት ነው። ከአዲስ አበባ እዚህ ተልኮ፣ እኔ ጠዋት ማታ ከማልፍበት መንገድ ዳር ተቀምጦ፣ እኔ ሐኪም አገባች እያልኩ ስሰድባት ነበር ማለት ነው። ደስታና ንዴት አንድ ላይ መጡብኝ።

እሱ ጮክ ብሎ አነበበው። «ደረሰ፣ ኤ መጣ። በጥቅል ልኬልሃለሁ። ለሦስት ዓመት ትምህርት እስከ መጋቢት ሠላሳ ፈርሚ ብለውኛል። ከመፈረሜ በፊት ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች ተጫውተህ መልሱን ጻፍልኝ። መልስ ካልመጣ ገባኝ ማለት ነው። ካሰች።» ከዚያ በታች አራት ረድፍ ቁጥር ነበር። ሌላ ምንም የለም።

«የምን መልስ ነው?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«አታውቅም?»

«በእናቴ! አላውቅም።»

መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ትንሽ ሣጥን አወጣ። ውስጡ ዓመት ከመንፈቅ በወረቀት ያዘዝኩት አርሞኒካ አለ። ባለ አሥር ቀዳዳ፣ ባለ አንድ ረድፍ፣ ውስጡ ፕላስቲክ፣ ጎኑ ላይ ኤ። ፈታተው እንደመረመሩት ብሎኖቹ ይናገራሉ፤ አንዱ ተጣሞ ገብቷል። «ሙዚቃ ከሆነ ተጫወተው» አለኝ። «ካልሆነ ግን አንተ ታውቃለህ።»

ወረቀቱን ፊቴ አስቀመጠ። የመጀመሪያውን ረድፍ አንድ በአንድ እየፈለግሁ ተጫወትኩ። ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚቆይ አይናገርም፣ ስለዚህ ሁሉንም እኩል ነፋሁት፣ እኩል ሳብኩት፤ ምንም አልመሰለም። «ሳብ ሦስት» ጋ ስደርስ ድምፅ ወጣ። ከዚያ በፊት ሰምቼው ስለማላውቅ ደነገጥኩ። ጓድ ግዛቸው ከእኔ አፍና ከወረቀቱ እያመሳከረ «ቀጥል» አለ። ሁለተኛውን ረድፍ ጨረስኩ። ሦስተኛው ላይ አፌ ቀለል አለኝ፤ አንዱን ሳስረዝመው ሌላው ራሱ ያጥርልኛል። ውጭ የታይፑ ድምፅ ቆመ። አራተኛው ረድፍ መሐል ስደርስ ወይዘሮ ተዋበች ከተቀመጠችበት «እልልልልል!» አለች።

ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ተነሥታ በሩ ላይ ቆመችና «ይቅርታ ጓድ፣ አምልጦኝ ነው» አለች። «የሙሽራ ዘፈን ነው እኮ። ሙሽራው ሊወስዳት ከደጅ ሲደርስ ሴቶቹ የሚሉት።»

ጓድ ግዛቸው ወደ ጠረጴዛው ዝቅ ብሎ አየ። ጠረጴዛው ላይ ያለው እጁ ምት ሲመታ እንደነበረ ያየው ያኔ ነው፤ አንሥቶ ኪሱ ከተተው።

እኔ አርሞኒካውን ከአፌ ማንሣት አቃተኝ። የአቶ ኩማ ልጅ፣ ዘፈን በደጇ የማያልፍ፣ ከንፈሬ ካልነካው ኃጢአት አይደለም ያለችኝ ልጅ፣ ይህን ዘፈን ቁጥር በቁጥር ለማግኘት ስንት ቀን ነፍታ፣ ስንት ቀን ስባ ይሆን? ያገኘችውም በዚሁ አርሞኒካ ነው፤ ሌላ ከየት ታመጣለች። እኔ እንድናገር ዓመት ከመንፈቅ ጠበቀችኝ። አልናገር ስል፣ ሴት ልጅ ሆና፣ ሊቀመንበሩም መረብ ጠጋኙም ሳንሱሩም በማይገባቸው አጻጻፍ ራሷ ጠየቀችኝ። ሹራቤን ወደ ዓይኔ አነሣሁ፤ አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

«ኮድ ነው ብዬ አልነበር?» አለ ጓድ ግዛቸው ቀስ ብሎ። ፋይሉን ወደ ራሱ ጎትቶ ገጾቹን አገላበጠ። «ዘጠኝ ደብዳቤህን አንብቤያለሁ። ይህን ያህል አንብቤ አሁን እኔም አርሞኒካ መግዛት እችላለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ነይ አላልካትም።»

«ሰው ያየዋል ብዬ ነው።»

«ማን ያየዋል?»

«ሊቀመንበራችን ይከፍተዋል። የማኅበሩ ሰውም ይሰማል።»

«እኔም እየከፈትኩት ነው፣ አዲስ አበባም ከፍተውታል፣ ተዋበችም እልል ብላለች» አለኝ። «ከማን ነው የምትደብቀው? የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።»

ነጭ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። «ያው ስለምናነበው እዚሁ ጻፈው።»

ጻፍኩ። «ውድ ካሰች፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። አርሞኒካው ደርሶኛል፣ ምላሶቹ ሁሉም ይሠራሉ፣ ሳብ ሦስትም ጥሩ ነው። የላክሽውን ተጫውቻለሁ። ትምህርትሽን የማያደናቅፍብሽ ከሆነ፣ ከተመቸሽ፣ አባትሽም ከፈቀዱ፣ ብትመጪ ደስ ይለኛል። ነይ። ደረሰ።»

ተቀብሎ አነበበና ቀዩን እስክሪብቶ አነሣ። ሥራው ነው፣ ሲሰርዝ እጁ አይንቀጠቀጥም። «ውድ» የሚለውንም፣ ጤናዬንም ሰረዘ። አርሞኒካውን ሰረዘ። ሳብ ሦስትን፣ የተጫወትኩትንም ሰረዘ። «ትምህርትሽን የማያደናቅፍብሽ ከሆነ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰረዘው። «ከተመቸሽ» ላይ ቆም ብሎ አየኝ፤ እሱንም ሰረዘ። አቶ ኩማ ጋ ሲደርስ «ለሳቸው ሽማግሌ ትልካለህ» ብሎ ሰረዛቸው፤ «ብትመጪ ደስ ይለኛል» የሚለውንም አልማረውም። የቀረውን ወይዘሮ ተዋበች በሌላ ወረቀት እንድገለብጠው ሰጠችኝ። «ካሰች፣ ነይ። ደረሰ።» ይላል።

ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ሰኔ አራት። ሦስታችንም አይተነዋል፤ መጋቢት ሠላሳ ካለፈ ከሁለት ወር በላይ ሆኖታል። ጓድ ግዛቸው ፖስታውን ራሱ አሸገና «ዛሬውኑ አስወጣዋለሁ» አለኝ። አርሞኒካውን ይዤ እንድሄድ ፈቀደ። ወደ ቤት ስሄድ ዝናብ ጀመረ፤ በዚያ ሹራብ በስብሼ ገባሁ።

መልሱ ነሐሴ መጨረሻ መጣ። ተከፍቶ፣ ታሽጎ፣ እንደገና ሊቀመንበሩ ከፍቶት ነበር። መረብ ጠጋኞቹ ዓመል ሆኖባቸው «ካሰች ምን አለች?» አሉ። ግቢው መሐል ቆሜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቃል ሳልዘል አነበብኩላቸው።

«ደረሰ፣ መጋቢት ሠላሳ ቀን ፖስተኛው በስድስት ሰዓት መጥቶ ሄደ። የመፈረሚያው ቢሮ የሚዘጋው በአሥራ አንድ ሰዓት ስለሆነ ምናልባት ሁለተኛ ዙር ይኖረው ይሆናል ብዬ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ጸሐፊዋ ቁልፍ ይዛ ስትወጣ መልሼ አስገብቻት ፈረምኩ። አሁን ላፈርሰው ጠየቅሁ፤ የፈረመ አያፈርስም አሉኝ። አንተ ነይ ስትለኝ መምጣት አለመቻሌ ነው የሚያቃጥለኝ። ሦስት ዓመት ነው። ከቻልክ ጠብቀኝ።»

ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላሾፈብኝም። ሊቀመንበሩ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። ከደረት ኪሱ እስክሪብቶውን መዘዝኩና እነሱ እያዩኝ «ከቻልክ» የምትለዋን ሰረዝኩ።